ከጦሳ ላይ ቲልት ስሰጥ ወይ ከተማው ወይ ተራራው ይደበዝዛል፤ ራይዝ ስሰጥ ደግሞ ማዕዘኑ ይጠቁራል

የሰኞ ገበያ ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ካሜራው የሚታጠፍ የእንጨት 4×5 ነው (ፊልሙ 4 በ5 ኢንች ሉህ)። ሌንሶቹ ሁለት ናቸው፦ ሲማር-ኤስ 150 ሚሜ ኤፍ 5.6 እና አንጉሎን 90 ሚሜ ኤፍ 6.8። ፊልሙ ጥቁርና ነጩ ኤፍፒ4፣ ኤኤስኤ 125።

1. ከጦሳ ተራራ ላይ ሆኜ ደሴን ሳነሳ እግሬ ሥር ያለው ሳርና ድንጋይ፣ ከታች ከተማው፣ ከማዶ ያለው ተራራ ሦስቱም ጥርት ብለው እንዲወጡ ነው የምፈልገው። በ150ው የፊቱን ስታንዳርድ (ሌንሱ የታሰረበትን ፍሬም) 8 ዲግሪ ያህል ወደፊት ሳዘነብል፣ ማለትም ቲልት ስሰጥ፣ ሳሩና ከተማው ይጠራሉ፣ ተራራው ይቀልጣል። ተራራውን ሳጠራ ደግሞ ከተማው ይሄዳል። አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲበዛ ይጠባል) ኤፍ 22 ነው።

2. ሸዋ በር መስጊድን ከነሚናሬቱ በ90ው ሳነሳ ራይዝ (ሌንሱን ወደ ላይ ማንሳት) ገና 10 ሚሜ ሳይሞላ በፎቶው የላይኞቹ ሁለት ማዕዘኖች ጥቁር ይሆናሉ።

3. ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ለጤፍ ማሳ ስንት ዲግሪ ቲልት ነው የሚበቃው? ለማሽላስ?

ከመለዋወጫና ከተጨማሪ ዕቃ በመጀመሪያ የቱን ልያዝ የሚለውንም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ሐረጎ፦

ሰላም ወንድሜ። ከጦሳው ልጀምር። የቲልቱ መጠን ብዙም አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ማሳረፊያው ነው።

ጥርት ብሎ የሚወጣው ነገር ሁሉ አንድ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ እንዳረፈ አድርገህ አስብ። ቲልት በሌለበት ጣውላው ከፊልሙ ጋር ትይዩ ሆኖ እንደ ግድግዳ ይቆማል። ሌንሱን ወደፊት ስታዘነብለው ጣውላው ይጋደማል። የሚጋደመው ግን በዘፈቀደ አይደለም፤ ከሌንሱ በቀጥታ ወደ ታች በሆነ ርቀት ላይ ማጠፊያ አለው። የማጠፊያውን ርቀት የሚወስኑት የሌንሱ ፎካል ሌንግዝ (150 ወይም 90 ሚሜ የሚባለው) እና የቲልቱ ዲግሪ ብቻ ናቸው። ፎከስ ስታዞር ማጠፊያው ባለበት ይቆያል፣ ጣውላው እንደ በር ከፍና ዝቅ ይላል። ሕጉ በኦስትሪያዊው ቴዎዶር ሻይምፕፍሉግ ስም የሚጠራው ነው፤ ሰውዬው የጦር መኮንን ነበር፣ ከአየር ላይ የተነሱ ፎቶዎችን ለማቃናት ሲል በ1904 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ነገር ነው።

ሒሳቡን በቃልህ መያዝ ትችላለህ፦ የሌንሱን ሚሊሜትር ለ17.5 አካፍል፣ የመጣውን ማጠፊያው ከሌንሱ በታች ለሚገኝበት ሜትር አካፍል፤ ዲግሪው ይኸው ነው። 150 ሚሜ ሌንስ ይዘህ ማጠፊያውን 1.5 ሜትር ዝቅ ብታደርገው 5.7 ዲግሪ ይመጣል።

አሁን ወደ ጦሳ። ሳሩ ከፊትህ 2 ሜትር ርቆ ከሌንሱ 1.5 ሜትር ዝቅ ያለ ነው እንበል። ከተማው 2 ኪሎ ሜትር ርቆ 400 ሜትር ዝቅ ያለ ነው እንበል። ሁለቱን የሚያገናኘው ጣውላ በየ10 ሜትሩ 2 ሜትር ይወርዳል፤ ማጠፊያው 1.1 ሜትር ላይ ይውላል፣ ቲልቱም 7.8 ዲግሪ ነው። ያገኘኸው 8 ዲግሪ ከዚህ ነው የመጣው፣ ልክ ነው። ማዶ ያለው ተራራ ግን ከዓይንህ ጋር እኩል ነው፣ ማለትም ከጣውላው በየ10 ሜትሩ 2 ሜትር ከፍ ይላል። በኤፍ 22 ጥራቱ ከጣውላው በላይና በታች የሚዘልቀው በየ10 ሜትሩ 1.1 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ተራራው ከዚያ ውጭ ቀረ። እንዲህ እንዳለ ልያዘው ካልክ እስከ ኤፍ 45 መዝጋት አለብህ።

የሚሻለው ጣውላውን ከተማው ላይ አለማሳረፍ ነው። ከከተማውና ከተራራው መካከል ባዶ አየር ላይ ይለፍ። ያን ጊዜ በየ10 ሜትሩ የሚወርደው 1 ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ከተማው ከታቹ፣ ተራራው ከበላዩ እኩል ይርቃሉ። ማጠፊያው ወደ 1.3 ሜትር ይወርዳል፣ ቲልቱም 6.6 ዲግሪ ላይ ይቆማል።

ሜዳ ላይ ሆነህ ሜትር አትለካም፤ እጅህ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሁሉንም ዜሮ አድርገህ፣ ካሜራውን በውሃ ልክ አስተካክለህ፣ አፐርቸሩን ሙሉ ከፍተህ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ቲልት ስጥ። ከኋላ ባለው የፎከስ መስታወት ላይ ምስሉ የተገለበጠ ስለሆነ ተራራው ከታች፣ ሳሩ ከላይ ነው፤ ይህን አትርሳ። ተራራው እስኪጠራ ፎከስ አድርግና የፊቱ ስታንዳርድ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ በእርሳስ ጫር። ከተማው እስኪጠራ አዙርና እንደገና ጫር። ከዚያ በሁለቱ ጭረቶች መካከል አቁመው። አሁን ሳሩን በሉፕ (በማጉያ መነጽር) እየው። ሳሩ የሚጠራው ወናፉ (በሌንሱና በፊልሙ መካከል ያለው እጥፍጥፉ) ሲረዝም ከሆነ ቲልት ጨምር፤ ሲያጥር ከሆነ ቀንስ። ቲልቱን በነካህ ቁጥር ጭረቶቹ ይቀየራሉና ድገመው። ሦስት ዙር ይበቃል።

በመጨረሻ በጭረቶቹ መካከል ያለውን በማስመሪያ ለካ። 2 ሚሜ ከሆነ በኤፍ 22ና በኤፍ 32 መካከል፣ 3 ሚሜ ከሆነ ኤፍ 32፣ ከ5 እስከ 6 ሚሜ ከሆነ ኤፍ 45። ባስቀመጥነው ምሳሌ 3 ሚሜ ተኩል ገደማ ስለሚመጣ ኤፍ 32 ላይ ትጨርሳለህ።

ሳሩን ከፍሬሙ ካወጣኸው ቲልቱንም አብረህ አውጣው። 150ውን ኤፍ 22 ላይ አድርገህ 10 ሜትር ላይ ብታጠራው ከ5 ሜትር ጀምሮ እስከ ማዶ ያለው ሁሉ ይያዛል። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ከፊት ምንም ሳይኖር ቲልት መስጠት ያለ ሥራ ችግር መጥራት ነው።

የጤፉ ማሳ ሌላ ነው፤ ቲልት የተሠራለት መሬት የኮምቦልቻ ሜዳ ነው። ሌንሱ 1.5 ሜትር ላይ ሆኖ ጤፉ 80 ሴንቲ ቢቆም፣ ጣውላውን በዛላው ጫፍ ላይ ላስተኛ ካልክ ማጠፊያው 70 ሴንቲ ላይ ይውልና 12 ዲግሪ ይጠይቅሃል። ሌንሱን 12 ዲግሪ ማዘንበል የምስሉን ክብ (ሌንሱ ፊልሙ ላይ የሚጥለውን ክብ ምስል) 32 ሚሜ ያንሸራትተዋል፤ 150ው ያለው ትርፍ በሙሉ እዚያ ያልቃል። ጣውላውን ዝቅ አድርገህ በሥሩ በኩል ብታሳልፈው 5.7 ዲግሪ ነው፣ ክቡም 15 ሚሜ ብቻ ይሄዳል፤ ከ4 ሜትር ወዲያ ያለውን የዛላ ከፍታ ኤፍ 32 ይሸፍንልሃል። ወይም ትራይፖዱን ከፍ አድርግ፤ ሌንሱ ከፍ ባለ ቁጥር ዲግሪው ይቀንሳል። ለማሽላ ቲልት አትስጥ። ከሰው ቁመት በላይ የቆመ ነገር ስለሆነ ዛላው ከጣውላው ወጥቶ ይደበዝዛል። ዜሮ አድርገህ በአፐርቸር ብቻ ያዘው።

ቱምቢ፦

ልጄ፣ የሁለተኛው ጥያቄህ መልስ ሌንሱ ስም ውስጥ አለ። አንጉሎንና ሱፐር አንጉሎን አንድ አይደሉም። አንጉሎን 90 ኤፍ 6.8 የሚጥለው የምስል ክብ ተዘግቶም 154 ሚሜ ገደማ ነው። የ4×5 ፊልም የሚታየው ክፍል 95 በ120 ሚሜ ነው፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 153 ሚሜ። እንግዲህ ትርፉ አንድ ሚሊሜትር ነው። ይህ ሌንስ ሳይንቀሳቀስ ብቻ የሚሠራ ሌንስ ነው፤ ትንሽና ቀላል ስለሆነ ለተራራ ጉዞ ጥሩ ነው፣ ለሕንፃ ግን አይሆንም። ሱፐር አንጉሎን 90 ኤፍ 8 ኤፍ 22 ላይ 216 ሚሜ ይሰጣል፤ ፍሬሙ ቁም ሲሆን 37 ሚሜ፣ ጋደም ሲሆን 42 ሚሜ ራይዝ ይችላል። ስትገዛ ስሙን እስከ መጨረሻው አንብብ።

ለጊዜው ግን አትግዛ። 150ው ሲማር-ኤስ ኤፍ 22 ላይ 210 ሚሜ ክብ አለው፤ ቁም ፍሬም ላይ 33 ሚሜ፣ ጋደም ላይ 38 ሚሜ ራይዝ ይበቃሃል። ስንት እንደሚያስፈልግህ ቀድመህ ልታውቅ ትችላለህ። ሚናሬቱ 30 ሜትር ነው እንበል፣ ሌንሱ 1.5 ሜትር ላይ ነው፣ የቀረው 28.5 ሜትር ነው። 60 ሜትር ርቀህ ብትቆም 28.5ን በ60 አካፍለህ በ150 ስታበዛው ጫፉ ከመሐል 71 ሚሜ ላይ ይወድቃል። የቁም ፍሬም ግማሽ 60 ሚሜ ነው። የጎደለው 11 ሚሜ፣ ለሰማይ 5 ጨምርበት፤ 16 ሚሜ ራይዝ። 40 ሜትር ላይ ብትቆም ግን ጫፉ 107 ሚሜ ላይ ይሄዳል፣ ራይዙ 47 ይሆናል፣ ሌንሱም አይችለውም። ስለዚህ መንገዱን ተሻግሮ ወደኋላ መራቅ ሌንስ ከመግዛት ይረክሳል።

ከሁሉ በፊት የካሜራው ጀርባ ቱምቢ ይሁን። ቃሉን ከግንበኛ ነው የወሰድኩት፣ ሥራውም የግንበኛ ነው። ፊልሙ ያለበት ጀርባ በቁመቱ ቀጥ ካለ የሕንፃው ግድግዳ ቀጥ ይላል፤ በትንሹ ወደኋላ ከተኛ ሚናሬቱ ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። ካሜራው ላይ የተለጠፈውን ትንሿን ውሃ ልክ አትመን፤ አጭር የኪስ ውሃ ልክ ጀርባው ላይ ደገፍ አድርገህ ፈትሽ። በጎን ደግሞ ጀርባው ከሕንፃው ፊት ጋር ትይዩ ይሁን። አይጠየፍ አዳራሽን ከፊት ለፊቱ ስታነሳ ምሰሶ ወይም ዛፍ ቢጋርድህ ካሜራውን አታዙር፤ ትራይፖዱን ጥቂት ወደ ጎን ወስደህ ጀርባውን ትይዩ እንደሆነ ጠብቅና ሌንሱን በሺፍት (ወደ ጎን በማንሸራተት) መልሰው። ካዞርክ የጣራው መስመር በአንድ በኩል ይወርዳል።

የማዕዘን መጥቆርን ሳታነሳ አስቀድመህ ልታየው ትችላለህ። የመስታወቱ አራት ማዕዘኖች ተቆርጠው ክፍት የሆኑት ለዚሁ ነው። ራይዙን ከሰጠህ በኋላ በታችኛው የተቆረጠ ማዕዘን በኩል ዓይንህን አስጠግተህ የሌንሱን ቀዳዳ እይ፤ በመስታወቱ የታችኛው ማዕዘን በፎቶው የላይኛው ነው። ቀዳዳው ክብ ሆኖ ከታየህ ብርሃኑ ይደርሳል። እንደ ድመት ዓይን ከተጨፈለቀ አፐርቸሩን ክብ እስኪሆን ዝጋ፤ ያ ነው ትልቁ የሚፈቀድልህ አፐርቸር። ሙሉ ዘግተህም ካልታየህ ክቡ አልቋል፣ ወይም የሚጋርድ ነገር አለ።

የሚጋርደው ብዙ ጊዜ ወናፉ ነው። ራይዝ ብዙ ሲሆን የወናፉ እጥፋት መሐሉ ላይ ይረግብና የብርሃኑን መንገድ ይዘጋል። በጣትህ ከሥር ደግፈህ ማዕዘኑን እንደገና እይ፤ ቀዳዳው ከተገለጠ ጥፋተኛው እሱ ነው። የሌንስ ከለላና ተደራርቦ የታሰረ ፊልተርም ይህንኑ ያደርጋሉ።

የፊቱ ስታንዳርድ ከዚህ በላይ አልወጣም ካለ ሌላ መንገድ አለ። መላውን ካሜራ ወደ ላይ ቀና አድርገው፤ ከዚያ ጀርባውን ቱምቢ እስኪሆን መልሰው፤ ሌንሱንም ከጀርባው ጋር ትይዩ እስኪሆን መልሰው። በማስመሪያ በሁለቱ ስታንዳርዶች መካከል ያለውን ከላይም ከታችም ለካ፣ እኩል መሆን አለበት። ይህ ተጨማሪ ራይዝ ይሰጥሃል፣ የሌንሱን ክብ ግን አያሰፋውም።

የሰኞ ገበያ ልጅ፦

ጋሼ ቱምቢ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በ90ው ማዕዘኑን አየሁት፤ 10 ሚሜ ራይዝ ላይ ኤፍ 32 ድረስ ብዘጋም ቀዳዳው አይታይም። እንዳሉት ክቡ ነው ያለቀው።

ሁለት ልጨምር። ጀበናና ሲኒ በቅርበት ሳነሳ ሁሌ ይጨልማል፤ ለምን? ሌላው፣ ያለ ምንም ቲልት ስሠራም ፊልሙ ላይ የሚጠራው ከመስታወቱ ላይ ካየሁት ትንሽ ቀረብ ያለው ነገር ነው።

መስታወት፦

ሁለተኛው ጉዳይ ከሁሉ አሳሳቢው ስለሆነ እሱን አስቀድሜ ልመልስ። ይህ ሳይስተካከል የእህታችን የሐረጎ ጭረት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

የ4×5 ሆልደር (የፊልም መያዣ) ውስጥ ፊልሙ የሚተኛው ከሆልደሩ ፊት 5 ሚሜ ገደማ ገባ ብሎ ነው። የመስታወቱ የደበዘዘ ገጽ ልክ በዚያው ጥልቀት ላይ መቀመጥ አለበት። በመጀመሪያ መስታወቱን አውጥተህ የደበዘዘው ገጽ ወደ ሌንሱ መዞሩን እይ። ተገልብጦ ከገባ የመስታወቱን ውፍረት ያህል ትሳሳታለህ። ቀጥሎ ፍሬኔል አለ ወይ ብለህ እይ፤ ያ ክብ ክብ መስመር ያለው ስስ ፕላስቲክ ነው። በሌንሱና በመስታወቱ መካከል የገባ ፍሬኔል ካሜራው አስቀድሞ ለእሱ ካልተሠራ ፎከሱን የውፍረቱን ሲሶ ያህል ያዛባል። ከመስታወቱ በስተጀርባ፣ በዓይንህ በኩል ከሆነ ጉዳት የለውም።

ከዚያ ፈትሽ። ማስመሪያ ጠረጴዛ ላይ በ45 ዲግሪ አጋድም፣ ሁሉንም ዜሮ አድርግ፣ ኤፍ 5.6 ላይ የ15ን መስመር በሉፕ አጥርተህ አንሳ። ፊልሙ ላይ ከ15 ይልቅ ወደ አንተ የቀረበው ቁጥር ከጠራ ፊልሙ ከሌንሱ ከመስታወቱ ይልቅ ርቋል ማለት ነው፤ መስታወቱ በስስ የወረቀት ሽርጥ ወደ ኋላ መገፋት አለበት። በሁለት የተለያዩ ሆልደሮች ድገመው። አንዱ ብቻ ከተሳሳተ ችግሩ የሆልደሩ ነው፣ ካሜራውን አትንካ።

የጀበናው ጨለማ ከወናፉ ርዝመት ነው። ሌንሱ ከፊልሙ በራቀ ቁጥር ብርሃኑ ይሰሳል። ከሌንሱ ሰሌዳ እስከ መስታወቱ ለካ፣ ለ150 አካፍል፣ የመጣውን በራሱ አባዛ። 210 ሚሜ ከሆነ 1.96 ነው፤ አንድ ስቶፕ ጨምር (ብርሃኑን እጥፍ አድርግ)። 225 ሲሆን 2.25፤ ከአንድ ስቶፕ ትንሽ በላይ። 300 ሚሜ ላይ ዕቃው በፊልሙ ላይ በቁመናው ልክ ይወጣል፣ ጭማሪውም ሁለት ስቶፕ ነው። ቤት ውስጥ የብርሃን መለኪያው 4 ሰከንድ ካሳየህ ኤፍፒ4 ራሱ ስለሚደክም ወደ 6 ሰከንድ ስጠው፤ 10 ካሳየ ወደ 18።

ዕቃን በተመለከተ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው ብዬ አምናለሁ፦ ጥቁር ጨርቅ፣ ሉፕ፣ ኬብል ሪሊዝ (ካሜራውን ሳትነካ የምታነሳበት ገመድ)፣ ቢጫ ፊልተር። ሌላው ሁሉ ይቆያል። ጨርቁን አትግዛ፣ አሰፋ። 1.2 በ1.5 ሜትር፣ ውስጡ ጥቁር፣ ውጩ ነጭ አቡጀዲ። ነጩ ፀሐዩን ይመልስልሃል፤ ጥቁር ብቻ ከሆነ ኮምቦልቻ ቀትር ላይ ሥሩ አይቆምም። የጦሳ ነፋስ እንዳያነሳው በየማዕዘኑ ዳዶ አሰፋበት። ሉፑ ከ4 እስከ 7 እጥፍ የሚያጎላ ይሁን፤ ከዚያ በላይ የመስታወቱን ቅንጣት እንጂ ምስሉን አታይም።

ማለዳ ደሴ ብርድ ውስጥ ያደረ ካሜራ ይዘህ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ ስትደርስ ቦርሳውን ወዲያው አትክፈት። ቀዝቃዛው ሌንስ የቆላውን እርጥበት ይስባል፣ ላብ ላብ ይለዋል። በላስቲክ ታስሮ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። አቧራውንም ጠብቅ፤ ፊልሙ ላይ ያረፈ ቅንጣት ብርሃን ስለሚጋርድ ህትመቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል፣ ጥቁር ነጥብ ደግሞ ከነጩ ይልቅ ለማረም ያስቸግራል።

ሐረጎ፦

መስታወት የጻፈው ልክ ነው፣ ማስመሪያውን አስቀድም።

ጦሳ ላይ ስለ ብርሃኑና ስለ ነፋሱ ልጨምር። ጦሳ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይዋ ፊት ለፊት ሌንሱ ውስጥ ትገባለች። ከሰዓት በኋላ ከጀርባህ ትሆናለች፣ ነገር ግን የጦሳ ጥላ ከተማውን ሳይመሽ ይሸፍነዋል፤ 9 ሰዓት ላይ ካሜራው ተተክሎ መጠበቅ ይበጃል። ጠዋት የግድ ከሆነ ዳርክ ስላይዱን (የሆልደሩን ጥቁር መክደኛ) ከሌንሱ በላይ ይዘህ ጥላ አጥላበት፤ ቀድመህ በተቆረጠው ማዕዘን በኩል ፍሬሙ ውስጥ አለመግባቱን አረጋግጥ።

ጥርት ባለ ፀሐይ ኤፍፒ4 ኤፍ 16 ላይ 1/125 ነው። ኤፍ 32 ላይ 1/30 ይሆናል፣ ቢጫው ፊልተር አንድ ስቶፕ ይወስድና 1/15 ላይ ትደርሳለህ። በዚህ ፍጥነት ነፋስ የሚያወዛውዘው ሳር ይንቀሳቀሳል፤ ኤፍ 45 ቢሆን 1/8 ነበር፣ ይብሳል። ጣውላውን በደንብ ማሳረፍ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፣ አንድ ስቶፕ ያተርፍልሃል። ከመስከረም ዝናብ በኋላ አየሩ ሲታጠብ ቢጫው ራሱ ላያስፈልግህ ይችላል።

የተዘረጋ ወናፍ ነፋስ ይይዛል። ከትራይፖዱ አንዱን እግር ወደ ቁልቁለቱ አድርግ፣ የመሐሉን ምሰሶ አታውጣ፣ ማዳበሪያ ውስጥ ድንጋይ ሞልተህ ከሥሩ ስቀል። ማዳበሪያው መሬት ይንካ፤ ተንጠልጥሎ ከቀረ እሱ ራሱ ካሜራውን ያወዛውዘዋል። ፎከሱን ከጨረስክ በኋላ ብሎኖቹን ስታጠብቅ ቲልቱ ግማሽ ዲግሪ ሊሸሽ ይችላል፣ በተለይ በእንጨት ካሜራ። ስለዚህ አጥብቀህ ከጨረስክ በኋላ ሳሩንና ተራራውን እንደገና በሉፕ እያቸው፤ ከዚያ በኋላ ነው ሻተሩ የሚዘጋው፣ አፐርቸሩ ኤፍ 32 ላይ የሚቀመጠው፣ ሆልደሩ የሚገባው። ዳርክ ስላይዱን ከመሳብህ በፊት ሻተሩ መዘጋቱን ከፊት ሆነህ በዓይንህ እይ፤ ለማየት የተከፈተው ማንሻ እንደተከፈተ ከቀረ ፊልሙ ስላይዱ ሲወጣ ይቃጠላል። ስትመልሰው ጥቁሩ ጎን ወደ ውጭ።

የሰኞ ገበያ ልጅ፦

ፍሬኔሉ አለ፣ በሌንሱ በኩል ነው የገባው። ካሜራው ለእሱ መሠራቱን የሚያሳይ ምንም ምልክት የለውም።

መስታወት፦

እንግዲያው አውጣውና ማስመሪያውን ያለ እሱ አንሳ። 15ቱ ከጠራ ፍሬኔሉን በዓይንህ በኩል አድርገህ መልሰው፣ በቅንጥብ ይያዝ። ማዕዘኖቹን እንደ መስታወቱ በመቀስ ቁረጣቸው፤ አለዚያ ጋሼ ቱምቢ ያሉትን ቀዳዳ አታይበትም።